ጎማው ሲቀድመን

ሴፕቴምበር 19፣ ሐሙስ። ኤስፐራንስ

ይህ ደብተር የመኪናው ነው። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ጎማ ስንት ንፋስ እንደያዘ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደቀዳሁ የምጽፍበት ነው። ዛሬ ግን መኪናው ደህና ነው። ደህና ያልሆነችው ባለቤቴ ግሌኒስ ናት።

ሐኪሙ ከልቧ ቫልቮች አንዱ ጠቧል፣ መቀየር አለበት አለ። ቀዶ ጥገናው አዴሌድ ነው፤ ልጃችን ብሮንዊንም እዚያው ናት። ኦክቶበር 17፣ ሐሙስ ጠዋት ትገባለች፤ አርብ ይሠራላታል። ያ ቀን ካለፈ ወረፋው አዲሱን ዓመት ይሻገራል። እስከዚያ ብትጠብቅ ምን ያህል አደጋ እንዳለው ሐኪሙ በቁጥር ነገረኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ብሮንዊን በስልክ፦ "አባዬ፣ እማዬን በአውሮፕላን ላካትና አንተ ባለጎማ ጎጆህን በመኪናህ እየጎተትክ ና።"

ግሌኒስ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ዘጠኝ ዓመት ጎማ ባለው ቤት ኖሬ እንደ ሻንጣ አልላክም! ደግሞስ አባትሽን ወደ ኋላ ማን ያስነዳዋል? አጥር ይዞ ነው የሚመጣላችሁ።"

ሐኪሙም እንዳትደክም ብቻ እንጂ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ መሄድ ትችላለች ብሏል። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። እየተዝናናን ብንነዳ አምስት ቀን። አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለን። ምን ያስቸኩላል?


ሴፕቴምበር 24፣ ማክሰኞ። ኖርስማን

ተነሳን። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ።

ከመነሳታችን በፊት ዝርዝሩ ይነበባል፤ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ሳይነበብ ተነስተን አናውቅም። ግሌኒስ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርዷን ይዛ መኪናውና ጎጆዋ የሚገናኙበት ቦታ ትቆማለች። እኔ እዞራለሁ።

"ፒን?"

"ገብቷል።"

"ሰንሰለት?"

"ታስሯል።"

"ዳዶ?"

"ጠብቋል።"

እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አራት ይሄዳል። አሥራ አምስተኛውን ራሷ ናት የጨመረችው። "ሽማግሌው?" ትላለች። "አለ" እላለሁ። ሞተር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ አራተኛው ላይ ተያዝን። የጎጆዋ የፍሬን መብራት አልበራም። የመብራቱን ሽቦ ከመኪናው የሚያገናኘው ስፒና የባሕር ጨው ጠጥቶ ዝጓል። ቆርጬ ሌላ እስክቀጥል ግማሽ ቀን ሄደ። ግሌኒስ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ "ቀስ በል፣ ማን ያባርረናል" ትለኛለች። ደስ ያላት ትመስል ነበር።


ሴፕቴምበር 27፣ አርብ። ባላዶኒያ

የፊት ለፊት ንፋስ። መኪናው ጋለ። ራዲያተሩ ከታች በኩል ተሰንጥቋል። አዲሱ ከፐርዝ በጭነት መኪና ይመጣል፤ መቼ እንደሆነ ግን ማደያው ውስጥ ያለችው ሴትዮ "ሲመጣ ታየዋለህ" ብቻ ነው ያለችኝ።


ሴፕቴምበር 30፣ ሰኞ። እዚያው

አልመጣም።

ከኛ አጠገብ የሰፈሩት ባልና ሚስት ሲያወሩ ሰማሁ። ሴትዮዋ፦ "የዚያችን ሴት ከንፈር አይተኸዋል? ሰማያዊ ሆኗል እኮ።" ከብርድ ነው። ነፋሱ ይበርዳል።

ሠላሳ አራት ዲግሪ ነበር። ከኖርስማን በፊት ማጣራት የነበረብኝ ራዲያተሩን ነው፤ እኔ ስፒና ስጎረጉር ዋልኩ።


ኦክቶበር 4፣ አርብ። ካይጉና

ራዲያተሩ ትናንት መጣ፣ ትናንት ገባ፣ ዛሬ ነዳን። መንገዱ መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር አንድም መታጠፊያ የለውም። ግሌኒስ እግሯን ዳሽቦርድ ላይ ሰቅላ ከመገናኛ ሬዲዮው የጭነት ሾፌሮችን ሐሜት ትሰማለች።

"ከፊቴ ነጭ ሳጥን የሚጎትት ሽማግሌ አለ፣ ሰማንያ ላይ ተኝቷል።"

"ቀስቅሰው እንጂ።"

"ፈራሁ። ሞቶ እንዳይሆን።"

ግሌኒስ ማይኩን አነሳች። "ልጄ፣ አልሞተም፤ ሲወለድም እንዲህ ነው። ወደ ግራ ጠጋ ይልልሃል፣ ሰላም እለፍ።"

ሬዲዮው በሳቅ ፈነዳ። ሲያልፈን ጡሩምባውን ለሷ አስጮኸላት። ስሙ ራስል ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስትል ዋለች። እንደዚያ ስትስቅ ያገባኋት ልጅ ናት፤ ከሳቋ በኋላ ግን ትንፋሿ እስኪመለስ ብዙ ቆየ። እኔም መንገድ መንገዱን አየሁ።


ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ። ኮክልቢዲ

ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። በዚያ ሰዓት ሰፈርተኛው ሁሉ ታጣፊ ወንበሩን ክብ አድርጎ ቢራውን ይከፍታል። ጎጆ ወደ ኋላ ሲያስገቡ ማየት ደግሞ ነፃ ቲያትር ነው። ሰው የሚስቀው በጎጆው አይደለም፤ በባልና ሚስቱ ነው።

በኛ ግን አይስቁም። ግሌኒስ አትጮህም፣ እጇን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ጣቶቿ ሲጠሩኝ እመጣለሁ፤ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ። መዳፏ ቀጥ ሲል እቆማለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ መዳፏ ቀጥ ብሎ ሳለ አንድ ክንድ ጨመርኩ፤ የውሃ ቧንቧ ሰበርኩ። እስከ ዛሬ ትነግርብኛለች።

ዛሬ ቆማ ልታስገባኝ አልቻለችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ አስገባችኝ። ክቡ ውስጥ የነበሩት አጨበጨቡ። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው።


ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ፒኑ የለም።

ጎጆዋን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ፒን። ትናንት ስፈታት እንደ ልማዴ ከመጎተቻው ብረት ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት የለም። ከጎማ ሥር፣ ከዕቃ ሳጥን ውስጥ፣ ከሰው ወንበር ሥር ፈለግሁ። ቁራ ወስዶት ይሆናል አሉ። ቁራ ግማሽ ኪሎ ብረት ምን ያደርግለታል?


ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

ራስል ወደ ምዕራብ ሲያልፍ በሬዲዮ አገኘሁት። "በሽቦ ጠፍረህ ንዳ እንጂ ሽማግሌው! ስንቱ ነው በሽቦ የሚሄደው።"

ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ጎማ በመዶሻ እየመታሁ፣ ድምፁን እያዳመጥኩ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ። የኔ ጎማ ከሐዲድ ወጥቶ አያውቅም። በሽቦ አልጠፍርም አልኩት። ሐሙስ ሲመለስ ፒን ሊያመጣልኝ ተስማማን።

አሥር ቀን ቀረን። ብሮንዊን ደወለች፦ "አባዬ፣ አንድ ነገር እንደገና ቢበላሽ መጥቼ እወስዳታለሁ። እየለመንኩህ አይደለም።" ግሌኒስ ስልኩን አልነጠቀችኝም።


ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ግሌኒስ ተኝታ ሳለች ሻይ ላፈላላት የሻይ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። እጄ ብረት ነካ።

መልሼ ከደንኩት። ያለ ሻይ ቁጭ አልኩ። ስትነሳ "ሻይ የለም እንዴ?" አለችኝ። "አልቋል መሰለኝ" አልኳት። "አዎ፣ ሳያልቅ አይቀርም" አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።


ኦክቶበር 11፣ አርብ። ማዱራ ቁልቁለት ላይ፣ ቆመን

ራስል ትናንት ፒኑን አመጣ። እጁ አካፋ የሚያህል፣ ድምፁ ግን የልጅ። ግሌኒስን "እናቴ" እያለ አብሯት ኬክ በላ። ተሰናበተንና ወደ አዴሌድ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ካርዷን ይዛ ቆመች።

"ፒን?"

"የትኛው? ራስል ያመጣው ነው ወይስ ከሻይ ጋር የምታፈይው?"

ካርዱን ዝቅ አደረገች። ያን ጊዜ ዝም ብል ይበቃ ነበር። አንድ ቃል ጨመርኩ። አልጽፈውም። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለተኛው ጥያቄም፣ አሥራ አምስተኛውም አልተጠየቀም። እኔም ነዳሁ።


ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ። ሙንድራቢላ

በቆምኩ ቁጥር የጎጆዋን ሞዞዎች፣ ጎማ የሚታሰርባቸውን እምብርቶች፣ በእጄ እዳስሳለሁ። የግራው እጄን አቃጠለኝ። ውስጡ ያለው ማሽከርከሪያ ኩሽኔታ አልቆለታል። ቅያሪ አለኝ፤ ግራሶም አለኝ። ሰው ግን አያናግረኝም።


ኦክቶበር 13፣ እሑድ። እዚያው

ጎማውን አውልቄ ኩሽኔታውን ቀየርኩ። ቀኑን ሙሉ ወሰደብኝ፤ አሮጌው ከሞዞው አልላቀቅ ብሎ ታገለኝ። ግሌኒስ ምሳ አቀረበችልኝ። "አመሰግናለሁ" አልኳት። "ምንም አይደል" አለችኝ። አርባ ስድስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ሲነጋገር ያስፈራል።

አራት ቀን ቀረን። ነገ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ።


ኦክቶበር 14፣ ሰኞ። ከክፍለ ግዛቱ ድንበር ሠላሳ ኪሎ ሜትር አልፎ፣ መንገድ ዳር

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።

በዘጠና እየነዳሁ ነበር። በግራ በኩል አንድ ጎማ ሲቀድመን አየሁ። ብቻውን፣ አስፋልቱን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሥራ እንዳለው ሰው።

"የማን ጎማ ነው?" አለች ግሌኒስ። ከአርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር።

መልሱን ጎጆዋ ሰጠች። ወደ ግራ ዘመመች፣ ብረቱ አስፋልቱን ፋቀው፣ ብልጭታው በመስታወቱ ታየኝ። ፍሬን አልረገጥኩም። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፣ መሪውን ያዝኩ፣ በራሷ እስክትቆም ጠበቅሁ። ስትቆም ግሌኒስ ደረቷን ይዛ ነበር። ሞታብኛለች ብዬ ነበር። አሁን ጻፍኩት።

"ደህና ነኝ" አለችኝ። "አትየኝ እንደዚያ። ልቤን ለማየት ነው የያዝኩት፣ ይመታል።"

ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና በሬዲዮ፦ "ሽማግሌው! ጎማህ ካንተ ቀድሞ አዴሌድ ሊገባ ነው! ... እናቴ ደህና ናት?" ራስል ነበር፣ ሲመለስ። ጎማውን ከቁጥቋጦ ውስጥ እያንከባለለ አመጣልን።

ከአምስቱ ብሎን ሦስቱ ተበጥሰዋል። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጎማ ወልቆ ከተመለሰ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ጎማውን የሚይዘው ዳዶ እንደገና ይጠብቃል። የካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ግሌኒስ ሁልጊዜ ቆጣሪውን እያየች "ሃምሳ ሞልቷል፣ ውረድ!" ትለኝ ነበር። ዛሬ ማንም አላለኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የባቡር ጎማ ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቅሁ ሰውዬ!

ከዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አርብ ያልኳት ቃል "ፈሪ" ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። አፌን በቆረጠው ኖሮ።

"ልክ ብለሃል፣ ፈሪ ነኝ" አለችኝ። "ፒኑንም የሰረቅሁት እኔ ነኝ፣ ቁራዎቹን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ግን የምፈራው ቢላውን አይደለም።"

"ምንድን ነው?"

"ባልነሳስ? ማን ነው ዝርዝሩን የሚያነብልህ? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ዝም ብልህ ጎማ ጣልክ!"

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

ሐኪሙ የነገረኝን ቁጥር ነገርኳት። ለካ እሷም ታውቀዋለች። ለካ ለሷም ነግሯታል። አንድ ወር ሙሉ አንዳችን ከአንዳችን ስንደብቅ ኖረናል።


ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ። ሴዱና

ብሎኑ ከሴዱና እስኪመጣ ሁለት ቀን። እስክገጥመው አንድ ቀን። ቆጠርኩት፣ አይደርስም።

"ትተናት እንሄዳለን" አልኳት ጠዋት።

"ቤታችንን?"

"ቆርቆሮ ናት።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎጆዬን ቆርቆሮ ያለኝን ሰው ሁሉ ስሰድብ ኖሬ ነው። ግሌኒስ ፊቴን አየችና ሌላ አልጠየቀችኝም። ከውስጥ ያወጣችው ካርዷን፣ የሌሊት ልብሷን፣ የሻይ ቆርቆሮውንና አንድ ከረጢት ብርቱካን ነው። ራስል ከፐርዝ ሲመለስ ክፍት መኪናው ላይ ጭኖ ሊያመጣት በስልክ ቃል ገባ። በሩን ቆለፍኩና በመዳፌ መታ አደረግኋት።

መኪናው ያለሷ ቀለለ። ቀኑን ሙሉ በመስታወት ወደ ኋላ ስመለከት ግሌኒስም በሷ በኩል ስትመለከት ያዝኳት።

ሴዱና መግቢያ ላይ ፍራፍሬ ማሳለፍ አይፈቀድም፤ ረስተነው ነበር። ተቆጣጣሪው ከረጢቱን እንድንሰጠው እጁን ዘረጋ። ግሌኒስ ከመኪና ወርዳ ጥላ ሥር ቆመች፣ አንድ ብርቱካን ላጠች።

"እመቤት፣ ሁሉንም ሊበሉ ነው?"

"ልጄ፣ የፊታችን አርብ ልቤን ሊከፍቱት ነው። ብርቱካኔን ግን ለመንግሥት አልሰጥም።"

ሰውዬው ወንበር አመጣላት። አራቱን በላች። አምስተኛውን እኔ በላሁ። ልጣጩን ተቀብሎን አሳለፈን።


ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ። አዴሌድ

ሰባት መቶ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር። ምንም አልተበላሸም። ብሮንዊን በር ላይ። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ እናቷን አየች፣ አቀፈቻት።


ኦክቶበር 17፣ ሐሙስ

ገባች። የሆስፒታሉ አልጋ አራት ጎማ አለው። ጎንበስ ብዬ የአራቱንም ፍሬን አየሁ። ነርሷ "ምን ጠፍቶዎት ነው አባት?" አለችኝ። ግሌኒስ፦ "ተይው፣ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።"

ቀዶ ጥገና የሚያደርግላት ሐኪም ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ አጭር። ከጨረሱ በኋላ ሌሊቱን በየሰዓቱ እንደሚያዩአት ነገረችኝ። "ተከፍቶ የተዘጋ ነገር መጀመሪያ ላይ መጠበቅ አለበት" አለችኝ። ወደድኳት። ሃምሳ ኪሎ ሜትሩን ታውቃለች።


ኦክቶበር 18፣ አርብ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሊወስዷት ሲመጡ ካርዱን ከትራሷ ሥር አወጣች። ነርሷና አልጋ ገፊው ቆመው ጠበቁ።

"ፒን?"

"ገብቷል።" ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ያ ከሻይ ቆርቆሮው የወጣው። አሳየኋት።

"ሰንሰለት?"

"ታስሯል።"

"ዳዶ?"

"... ጠብቋል።"

አሥራ አራቱንም አነበበች። አንዱንም አልዘለለችም። አልጋ ገፊው ሰዓቱን አላየም፤ እግዜር ይስጠው።

"ሽማግሌው?"

"አለ።"

ካርዱን ሰጠችኝ። ወሰዷት።


አራት ሰዓት። ምንም።

ስድስት ሰዓት። ምንም። ብሮንዊን ሳንድዊች ገዛችልኝ። የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ። ሐኪሟ ወጣች። ቫልቩ ገብቷል፣ ልቧ በራሱ ተነስቷል፤ ገና ግን አልነቃችም፣ እናያለን አለች። ብሮንዊን አቀፈችኝ። እኔ "እናያለን" የሚለውን ነው የሰማሁት።


ምሽት፣ አንድ ሰዓት። ከአልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው።

አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ ብሮንዊን "አንተ ግባ" አለችኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ አለ። ብትነቃም መናገር እንደማትችል ነግረውኛል። በዙሪያዋ ያለውን ሽቦና ቱቦ እንዳልነካ ፈርቼ ወንበሬን ከግድግዳው አስጠግቼ፣ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የአልጋውን ጎማዎች አየሁ። አራቱም ተይዘዋል።

ከንፈሯ ሰማያዊ አይደለም።

ዓይኗ ተከፈተ። መጀመሪያ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ መብራቱን፣ ከዚያ ፈለገችኝ። ካርዱን ከኪሴ አወጣሁ። አሥራ አራቱን ዘለልኳቸው።

"አሮጊቷ?" አልኳት።

እጇ ከአንሶላው ላይ ተነሳ። ትንሽ ነው የተነሳው፣ እንደ ሁለት ጣት። ጣቶቿ ጠሩኝ።

ወንበሬን ጎተትኩ። ጣቶቿ እንደገና ጠሩኝ። ጎተትኩ። ወደ ግራ አመለከተች፤ በቀኜ በኩል መሬት ላይ የወረደ ቱቦ ነበር፣ አላየሁትም። ወደ ግራ አደረግሁ። ና አለችኝ። ቀስ አለችኝ። ና።

ጉልበቴ አልጋውን ሊነካ ሲል መዳፏ ቀጥ አለ።

ቆምኩ።